ያ ካሜራ ስማችንን ያውቃል ወይ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን፣ የሌላችሁም እንደ እኔ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ካምፓላ ላላችሁ ብቻ ሳይሆን ናይሮቢና ጁባ ላላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ለምትጨነቁልን ዘመዶቻችንም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ሪሴትልመንት አይደለም፣ ስለ ካሜራ ነው። «ቲቸር፣ ካባላጋላ መንገዱ ላይ ያለው ካሜራ ማን እንደሆንን ያውቃል ወይ?» አንዲት የሰፈራችን እናት ምሰሶው ሥር ሲደርሱ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ደግሞ በዋናው መንገድ ላለማለፍ በጓሮ ዞረው ጭቃ ሲያቦኩ ይውላሉ። ወጣቶቹ ዘንድ የሚወራው «ከቤትህ ስትወጣ ጀምሮ እስክትመለስ ይከተልሃል፣ ቪዲዮውም ቀጥታ ኤምባሲ ይገባል» ነው። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ ለማስፈራሪያ የተሰቀለ ባዶ ቆርቆሮ ነው» ይላል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ነገር በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ስለዚህ ማሽኑ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ በምችለው አማርኛ ልንገራችሁ።

የካሜራው ነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። የፖሊስ ቃል አቀባይ የነበሩት አንድሩ ፊሊክስ ካዌሲ ከቤታቸው ወጥተው ብዙም ሳይርቁ፣ ኩላምቢሮ ላይ፣ ከጠባቂያቸውና ከሹፌራቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በዚያው ሰሞን በከተሞችና በአውራ ጎዳናዎች ካሜራ ይተከል ብለው አዘዙ። ሥራውን የቻይናው ሁዋዌ ወሰደው፤ በ2019 ይፋ የሆነው ዋጋ 126 ሚሊዮን ዶላር ነው። ምስሉን ሰብስቦ የሚያየው ናጉሩ ያለው የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በኖቬምበር 2020 ቦቢ ዋይን ታስሮ ከተማው በተናወጠ ጊዜም ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን ለመለየት በካሜራዎቹ መጠቀሙን ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ። መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፦ ካሜራው እንቅስቃሴ የሚባል ነገር አያይም። ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሣው፤ በሴኮንድ 25 ወይም 30። እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ለኮምፒውተሩ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ፉል ኤችዲ የምንለው ምስል ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚነግሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። በሴኮንድ 25 ፎቶ ከሆነ በየሴኮንዱ ከ155 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ይጎርፋል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ሰው» የሚል አንድም ቁጥር የለም። «ስደተኛ» የሚልማ ጭራሽ። ሰውየውን ከቁጥር ክምር ውስጥ ፈልጎ ማውጣት የፕሮግራሙ ሥራ ነው።

በጣም ቀላሉ ዘዴ መቀነስ ነው። መንገዱ ባዶ ሳለ የተነሣውን ፎቶ አሁን ከተነሣው ላይ ቀንሱ። ግድግዳው ዜሮ፣ ምሰሶው ዜሮ፣ አስፋልቱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ያልሆነው አዲስ የመጣው ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሳሎኑን አንዴ ቃኝታ «ይህን ስኒ ማን ነካው?» የምትለው በዚሁ ዘዴ ነበር። ችግሩ ካምፓላ ሳሎን አይደለችም። ዝናብ ይወርዳል፣ የሙዝ ቅጠል ይወዛወዛል፣ የደመና ጥላ መንገድ ያቋርጣል፣ ማታ የቦዳ መብራት ግድግዳው ላይ ይሮጣል። በ1999 ስታውፈርና ግሪምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ ጥሩ መላ አመጡ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሳይሆን ብዙ ልማድ ይኑረው አሉ። ቅጠል የሚወዛወዝበት ነጥብ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማይ መሆን ልማዱ ስለሆነ አይደነግጥም፤ ከልማዱ ሁሉ ውጪ የሆነ ቀለም ሲመጣበት ብቻ «እንግዳ መጣ» ይላል። በዚህ ዘዴ አንድ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነገር አለ፤ ብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው ቀስ በቀስ እንደ ግድግዳ ይቆጠራል። ቢሮ ደጅ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፋችሁ የምታውቁ ይህ ስሜት አዲስ አይሆንባችሁም።

ሁለተኛው ዘዴ የሒሳብ አስተማሪ የሚወደው ነው። በ1981 ሆርንና ሹንክ አንድ ጽሑፍ፣ ሉካስና ካናዴ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። መነሻቸው አንድ ነው፦ አንድ ነጥብ ከአንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ብሩህነቱ አይለወጥም እንበል። ከዚህ አንድ እኩልታ ይወጣል። ያልታወቁት ግን ሁለት ናቸው፤ ወደ ጎን ምን ያህል ሄደ፣ ወደ ታች ምን ያህል ሄደ። አንድ እኩልታ ለሁለት ያልታወቁ እንደማይበቃ የዘጠነኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። ጣጣው ደግሞ የወረቀት ብቻ አይደለም። በበር ቀዳዳ አሾልቃችሁ የነጠላ ጥለት እያያችሁ ነው እንበል። ነጠላው በጥለቱ ርዝመት አቅጣጫ ቢንሸራተት ቀለሙ ያው ስለሆነ የቆመ ይመስላችኋል። ሉካስና ካናዴ ያገኙት መፍትሔ ጎረቤት መጠየቅ ነው። አጠገብ ላጠገብ ያሉ ነጥቦች አብረው ነው የሚሄዱት ብሎ የሁሉንም እኩልታ አንድ ላይ መፍታት። ይህን ሳስተምር አንዷ ተማሪዬ «እንደ ዕድር ማለት ነው» አለችኝ፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ዛሬ በየመንገዱና በየሱቁ የሚሠራው ግን ከነዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ፕሮግራሙ በሰው እጅ ሣጥን የተሣለባቸው እጅግ ብዙ ፎቶዎችን እያየ «ይህ ሰው ነው፣ ይህ መኪና ነው፣ ይህ ሞተር ሳይክል ነው» ማለትን ይለማመዳል። (በነገራችን ላይ በትንሽ ክፍያ ያንን ሣጥን ሲሥሉ ከሚውሉት መካከል እዚሁ ኬንያና ዩጋንዳ ያሉ ወጣቶች አሉበት።) በ2015 ጆሴፍ ሬድመንና ባልደረቦቹ ዮሎ የተባለውን አወጡ፤ ምስሉን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ሣጥኖቹን ሁሉ በአንዴ ይሥላል። ፍጥነቱ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ሬድመን ራሱ በ2020 ሥራው ለጦር መሣሪያና ሰውን ለመሰለል መዋሉን ቸል ማለት አልቻልኩም ብሎ ምርምሩን ተወ።

ሣጥን መሣል ግን መከታተል አይደለም። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አምስት ሣጥን አለ፤ ቀጣዩም ላይ አምስት። የትኛው የትኛው ነው? እዚህ ላይ አንድ የድሮ ሰው ይገባል፤ ሩዶልፍ ካልማን። ቡዳፔስት ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። በ1960 ያወጣው ስሌት የአፖሎ መንኮራኩሮች ወደ ጨረቃ ሲሄዱ መንገዳቸውን ያወቁበት ነው። ነገሩ እናንተም በየቀኑ የምታደርጉት ነው። ጋባ ሮድ ዳር ታክሲ ስትጠብቁ፣ ታክሲው ከጭነት መኪና ጀርባ ሲሰወር የት ላይ ብቅ እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ሳይታያችሁ ወደዚያ ትጠጋላችሁ። ፕሮግራሙም እንዲሁ፤ ከፍጥነቱና ከአቅጣጫው ተነሥቶ «በሚቀጥለው ፎቶ እዚህ ጋ መሆን አለበት» ይላል፣ ከዚያ የተገመተው ሣጥን ላይ ይበልጥ የተደራረበውን አዲስ ሣጥን «ያው እርሱ ነው» ብሎ ይወስደዋል። በ2016 የወጣው ሶርት የሚባለው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ቀላል ስለሆነም በየቦታው ገባ።

ለያንዳንዱ ሣጥን ቁጥር ይሰጠዋል። አንተ ቁጥር 7 ነህ፣ አንቺ ቁጥር 8። ከካሜራው ዕይታ ወጥተህ ትንሽ ከቆየህ ቁጥር 7 ይሞታል። ስትመለስ ቁጥር 31 ልትሆን ትችላለህ። እንግዲህ «ማን እንደሆንን ያውቃል ወይ?» ላላችሁኝ፣ ይህ ክፍል አያውቅም። ይህ ቁጥር በ2018 ዓይናችንንና ጣታችንን ሰጥተን ከተመዘገብንበት የስደተኛ ቁጥር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ያኔ ማሽኑ ውስጥ ቀርበን፣ ዓይናችንን አፍጥጠን ነው የሰጠነው፤ ምሰሶ ላይ ያለ ተራ የመንገድ ካሜራ የዓይን ብሌን አያነብም። ኤምባሲ ይገባል ለሚባለውም፣ ማሽኑ በራሱ የትም አይልክም። የሚልክ ሰው ነው፤ ጥያቄውም ለሰው ነው የሚቀርበው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 7 እና ቁጥር 8 ከምሰሶ ጀርባ ተገናኝተው ሲለያዩ ቁጥራቸው ሊለዋወጥ ይችላል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዘዴዎቻቸውን ሲያወዳድሩ «ስንት ጊዜ ማንነት ተለዋወጠ» ብለው ቆጥረው በሠንጠረዥ ያወጡታል። ከ2015 ጀምሮ ሞት ቻሌንጅ በሚባለው ውድድር (ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ያስደነግጣል እንጂ ከሞት ጋር አይገናኝም) ሰው የሚበዛባቸው የመንገድ ቪዲዮዎች ለሁሉም ይሰጣሉ፣ ስሕተቱም ይቆጠራል። በ2017 የወጣው ዲፕሶርት ይህን ለመቀነስ የሰውየውን መልክ ጨመረ፤ የልብሱን ቀለም፣ የቅርጹን አጠቃላይ ሁኔታ። ያቺ ነጠላ የሚከናነቡት እናት ይህን ቢሰሙ ይበሳጫሉ፤ ሣጥኑ የሚሣለው ከሰውነት ቅርጽ ነው፣ ፊት ተሸፈነ አልተሸፈነ አይገደውም። ካባላጋላ መካከል ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ለዲፕሶርት ይቀለዋል። የሚቸግረው ተመሳሳይ የለበሰ ነው።

ተማሪዎቼ ይህንን በደንብ ያውቁታል። ካምፓላ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ለባሽ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሹራብ ይለብሱና ከክፍሉ ዓምድ ጀርባ ይተላለፋሉ፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንዱ ከዓምዱ ጀርባ ቆሞ ሌላው ብቻውን ሲወጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ያለምንም ጥርጥር የገባው ሰው ወጣ ይላል። ባለፈው አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ልጅ ሌባ ቢሆንስ?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም ስለማን እንደጠየቀ ገብቶታል።

ነገሩን ሰምታችሁ ይሆናል። ከእኛው ልጆች አንዱ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ግራጫ ጃኬት ለብሶ አንድ ሱቅ ገባ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱም ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ከባንኮኒው ላይ ስልክ ጠፋ። የሱቁ ካሜራ በርካሽ ከሚሸጡት፣ ሣጥንና ቁጥር ከሚያሳዩት ነው። ቪዲዮው ላይ ልጁ ገባ፣ ቁጥር 4 ተባለ፣ ከተከመረው የሶዳ ሣጥን ጀርባ አለፈ፤ ቁጥር 4 ወጣ፣ ባንኮኒው ጋ ደረሰ፣ እጁን ዘረጋ። አለቀ። «ማሽኑ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትሎታል» ተባለ። ልጁ እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ሉጋንዳም አያውቅም። አንድ ሌሊት በእስር አደረ፤ እናቱ በር ላይ አደሩ።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ሄድን። የለመንነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተቆረጠውን ሳይሆን ሙሉውን ቪዲዮ፣ በቀስታ፣ ፎቶ በፎቶ እንየው። ሣጥኖቹ ጀርባ የገባው ልጅ ነጭ ስኒከር አድርጓል። የወጣው ጥቁር ጫማ። ከሣጥኖቹ ጀርባ ገና ከመጀመሪያው ሌላ ግራጫ የለበሰ ሰው ቆሞ ኖሯል፤ ልጁ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ብቅ ሲል ማሽኑ አዲስ ቁጥር፣ 6 ቁጥር ሰጥቶት ነበር። ቁጥሩን ያመነ ሁሉ ጫማውን አላየም። በዚያው ቀን ለቀቁት። እኛ ግን ቸኩለን ባንደርስ፣ መቅጃው ሞልቶ በላዩ ላይ ቢቀዳበትስ?

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2020 ዲትሮይት አጠገብ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱና ትናንሽ ልጆቹ እያዩ በካቴና ታሰረ። የሰዓት ስርቆት በተፈጸመበት ሱቅ ካሜራ የተነሣ ደብዛዛ ምስል ነበር፤ የፊት መለያ ፕሮግራም ከመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር አመሳሰለው። 30 ሰዓት ያህል ታሰረ። ከተማው በ2024 ከእርሱ ጋር ሲስማማ ካሳ ከመክፈሉም በላይ፣ ፖሊስ በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው እንዳያስር ተስማማ።

ፊትን መለየት ከመከታተል የተለየ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ሲጋቡ ነው ቁጥር 7 ስም የሚያገኘው። እዚህ ላይ ደግሞ ልትኮሩባት የሚገባ ሰው አለች፤ ትምኒት ገብሩ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ቤተሰቧ ከኤርትራ። (የማን ናት ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉብኝ፤ የስደተኛ ናት።) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ተሰደደች፣ አየርላንድ ቆይታ አሜሪካ ጥገኝነት አገኘች፣ ስታንፎርድ ተማረች። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና የታላላቅ ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተነች፤ ፎቶ አይቶ ወንድ ነው ሴት ብሎ መለየት ብቻ ነው ፈተናው። ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ የታየው ትልቁ ስሕተት 0.8 በመቶ፤ በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽኖቹ የሠለጠኑበት የፎቶ ክምር ውስጥ እኛን የሚመስል ጥቂት ስለነበረ ነው። ከጉግል ጋር በ2020 መጨረሻ ስለ አንድ ጽሑፍ ተጋጭታ ወጣች፤ እርሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ኩባንያው ለቀቀች ይላል። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች።

እና ምን እናድርግ? በጓሮ መዞሩ ለጉልበት ካልሆነ አይጠቅምም። ዩጋንዳ በ2019 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት። በዩጋንዳ ውስጥ መረጃው የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል፤ ዜጋ ሁን አይልም። ስለ አንተ የተያዘ መረጃ ካለ እንዲነገርህና እንድታየው፣ ስሕተት ካለው እንዲታረም መጠየቅ ትችላለህ፤ ማሽን ብቻውን በሚወስነው ውሳኔ ላይም መቃወም ትችላለህ። ለፖሊስ ምርመራና ለአገር ጸጥታ የተተወ ቀዳዳ አለው፤ ቢሆንም የሱቅ ካሜራ ከዚያ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም።

ከጮኽን ደግሞ የሚሰማ አለ። በጁን 2025 የፍጥነት ቅጣት በካሜራ በራሱ ጊዜ ይቆረጥ ጀመር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሴኮንድ 25 ፎቶ በሚያነሣ ካሜራ ፊት መኪና 30 ሜትር በ50 ፎቶ ውስጥ ካለፈ፣ 2 ሴኮንድ ፈጅቷል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡን ማንም አልተቃወመም። ሕዝቡ የጮኸው በሰዓት 30 የሚለው ወሰን የት እንደሚጀምር ምልክት የለም፣ ቅጣቱም አይቻልም ብሎ ነው። በዚያው ወር ለጊዜው ታገደ።

ልጃችሁ ወይ ወንድማችሁ በካሜራ ተገኘ ከተባለ በዚያው ቀን ደውሉልኝ፣ አትደሩ። ቤት ቁጭ ብላችሁ አታልቅሱ፣ ሉጋንዳ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የተቆረጠ ክሊፕ ብቻ አትቀበሉ፤ ከገባበት እስከ ወጣበት ሙሉውን ጠይቁ፣ እንዳይጠፋም በጽሑፍ አስመዝግቡ። ቪዲዮውን ስታዩ ሣጥኑንና ቁጥሩን ትታችሁ ጫማውን፣ አረማመዱን፣ ቦርሳውን እዩ። የመታወቂያችሁን ፎቶ ኮፒ ለጎረቤት ስጡ።

የቅዳሜው ትምህርት እንደተለመደው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ሹራብ ያላችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል፤ የእኛዎቹ ተቀዳደዋል።